ቁርጥ ያጠግባል

ወላይታ ሶዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው የዳሞታን ተራራ አየህ ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቁርጥ በላህ ወይ የሚል ነው። ተራራውን ጉም ሸፍኖት ሳያይ ቢቀር ሰው ይቅር ይለዋል፤ ቁርጡን ሳይቀምስ ከተመለሰ ግን ሶዶ ስለ መድረሱ ምስክር ይጠራ ይባላል። በሥጋ ቤቱ የተሰቀለው ብልት ለሁሉ ይታያል፤ ገዢው በጣቱ ያመለክታል፤ ሥጋ ሻጩ ከፊቱ ይቆርጣል፣ ከፊቱ ይመዝናል፤ ኪሎውም ዋጋውም ያን ጊዜውኑ ይነገረዋል። ከዳጣ ጋር ቀርቦ ሲበላም ምን ያህል ደረሰኝ ብሎ የሚጠራጠር የለም።

አማርኛችን ግን «ቁርጥ» የሚለውን ቃል ለሥጋ ብቻ አልተወውም። የአንድን ነገር መጨረሻ፣ አዎን ወይም አይደለም የሚለውን እርግጠኛ መልስም ቁርጥ ይለዋል። «ቁርጡን ንገረኝ» የሚል ሰው ሥጋ አልጠየቀም። «ቁርጥ ያጠግባል» የሚለው ተረትም የተነገረው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ቁርጥ ነው። በሶዶ የመጀመሪያው ቁርጥ ሞልቷል፤ ሥራ ፈላጊው ወጣት ግን ሁለተኛውን በሶዶም ሆነ በአዲስ አበባ ፈልጎ የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣው የፈለግሁትም ይኸንኑ ነው።

ነገሩ ከራሴ ስለሚጀምር አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝ። በ2016 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ተመረቅሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚቀመጥበትን የመውጫ ፈተና እንደ ጓደኞቼ ወስጄ አለፍሁና፣ ከእንግዲህ ፈተና የሚባል ነገር አለቀ ብዬ ደብተሮቼን ለታናሽ ወንድሜ አወረስሁ። ፈተናው ገና መጀመሩ እንደ ነበረ የገባኝ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ድርጅት የቅጥር ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው እንደ ልማዱ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። «የማይመለስ» የሚለው ቃል ለወረቀቱ ብቻ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

ሶዶ ላይ ተመዘገብሁ። በታኅሣሥ የጽሑፍ ፈተናው አዲስ አበባ ነው ተባለ። ከሶዶ አዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት በ10 ሰዓት መናኸሪያ ተገኝቼ፣ ማታውን ከዘመድ ቤት አድሬ፣ በማግሥቱ ተፈተንሁ። ስሜ ካለፉት ጋር ተለጠፈ። በጥር የኮምፒዩተር ፈተና አለ ተባለ፤ ሄድሁ። በመጋቢት የጓደኛዬን ኮት ተውሼ አምስት ሰዎች ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት ቀረብሁ። በሚያዝያ ለአራተኛ ጊዜ ተጠርቼ ከአንድ ኃላፊ ጋር ብቻ ለብቻ ተነጋገርን። ኃላፊው መልካም ሰው ነበሩ፤ ሻይ አስመጡልኝ፤ ስለ ወላይታም ጠየቁኝ። በመጨረሻም «ዋስ የሚሆንህ ሰው ይኖርሃል?» አሉኝ። ዋስ የሚጠየቀው የተቀጠረ ሰው ነው ብዬ ስለማምን ልቤ ዘለለ። «አጎቴ አለ» አልሁ። «በል እንግዲህ፣ እንደውልልሃለን» ብለው እጄን ጨብጠው አሰናበቱኝ።

ያችን ቃል ይዤ ሶዶ ገባሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልኬ ከእኔ ይልቅ የቤቱ ጌታ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እንዳያልቅብኝ ጀነሬተር ወዳለው ሱቅ ይዤው እሮጣለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሳነሣው ግን «ሲሚንቶው ደረሰ ወይ?» የሚል የተሳሳተ ደዋይ ሆኖ ይገኛል። አጎቴ በበኩሉ ዋስ ለመሆን የሚያስፈልገውን የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ አጽፎ በደረት ኪሱ ይዞት ነበር፤ ያ ደብዳቤ በየሳምንቱ በእጥፋቱ ላይ እያረጀ ሲሄድ አየሁት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤቶች «ጠሩህ ወይ ልጄ?» ይሉኛል። በጎ አስበው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ በሰኔ ወር ግን በኋላው በር መውጣት ጀመርሁ።

እስከዚህ ድረስ ያወራሁት ስለ ኀፍረት ነው፤ ኀፍረት ያልፋል። ጉዳቱ ሌላ ነው። በግንቦት መጨረሻ በቦዲቲ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት በመጪው ዓመት አስተማሪ እንድሆን ጠየቀኝ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ሥራ ነበር፤ ከቤቴም የራቀ አልነበረም። እኔ ግን «እንደውልልሃለን» የተባልሁ ሰው ነኝና ይቅርታ ጠይቄ መለስሁት። በሐምሌ ተጸጽቼ ብመለስ ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። ያልመጣው ደውል የመጣውን ሥራ አስመለሰኝ። ከእኔ ጋር ከተመረቁት መካከል እንዲሁ እያለ አንድ ዓመት የፈጀ፣ በተስፋ ብቻ ቤት ተከራይቶ አዲስ አበባ የከረመ፣ ለመጋባት የተቆረጠውን ቀን ሁለት ጊዜ ያስተላለፈ አውቃለሁ።

እንግዲህ የሥራ ፈላጊውን ጉልበት የሚሰብረው እምቢታው ነው ወይስ ጥበቃው? ብዙ ሰው እምቢታው ነው ይላል። እኔ ጥበቃው ነው እላለሁ፤ የሚደግፈኝም አላጣሁም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች 45 ፈቃደኛ ሰዎችን በኮምፒዩተር ጨዋታ አስቀመጡ። በመስኮቱ ላይ ድንጋይ ይታያል፤ ተጫዋቹ ከሥሩ እባብ አለ ወይስ የለም ብሎ ይገምታል፤ ድንጋዩ ሲገለጥ እባብ ከተገኘ እጁን ጥቂት የሚያሳምም ኤሌክትሪክ ይነካዋል። የሰዎቹ ላብና የዐይናቸው ብሌን እየተለካ ሲታይ፣ እጅግ የተጨነቁት ኤሌክትሪኩ በእርግጥ እንደሚነካቸው ባወቁ ጊዜ አልነበረም። የተጨነቁት ይነካኛል ወይስ አይነካኝም የሚለው ነገር እኩል ለእኩል በሆነ ጊዜ ነው። አባቶቻችን ለዚህ መስኮትም ኤሌክትሪክም አላስፈለጋቸውም፤ ቁርጥ ያጠግባል ብለው ጨርሰውታል።

ጥበቃ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። በዱሮው ዘመን ሹመት ወይም ጉልት የፈለገ ሰው በንጉሡ ወይም በመኳንንቱ በር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይከርም ነበር፤ ይኸውም ደጅ ጥናት ይባል ነበር። ይህ ልማድ ለዘመናዊ አስተዳደር እንደማይመች ታውቆ፣ የመንግሥት ሠራተኞችን አቀጣጠር በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 23 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም ክፍት ቦታ የሚሰጠው መመዘኛውን አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ላገኘው ነው ሲል ደንግጎ ነበር። መልካም ነው። አሸናፊው እንዴት እንደሚመረጥ ተጽፏል፤ ለተሸነፈው ቁርጡን የመንገር ልማድ ግን በመንግሥትም በግልም ቤት ሥር አልሰደደም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የዱሮው ደጅ ጠኚ ይሻል ነበር እላለሁ፤ ቢያንስ ከበሩ ላይ ሆኖ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ያያል። የዛሬው ደጅ በኪሳችን ነው፤ ማንም ሲገባና ሲወጣ አይታይበትም።

እምቢታው ራሱ ሲመጣስ ምን ማለት ነው? አብዛኞቻችን እንደ ፍርድ እንቀበለዋለን። አምስት ሰዎች አይተውኝ አልበቃህም ካሉኝ አልበቃሁም ማለት ነው ብለን እናዝናለን። ነገር ግን ቃለ መጠይቅ ሚዛን ቢሆንም የሥጋ ቤቱን ያህል የታመነ ሚዛን አይደለም። ፖል ሳኬት የተባለው ምሁርና ባልደረቦቹ ስለ ሠራተኛ አመራረጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተደረጉትን ጥናቶች እንደገና መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 አንድ ጽሑፍ አውጥተዋል። አንድ ፈተና ሠራተኛው ወደ ፊት እንዴት እንደሚሠራ ፍጹም ቢተነብይ 1፣ ከቶ ባይተነብይ 0 እንበል። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ነጥብ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ሲሆን፣ እሱም ያገኘው 0.42 ነው። እንደ መጣ የሚደረገው ጭውውት ደግሞ 0.19 ብቻ አገኘ። የኃላፊው ሻይና ስለ ወላይታ ያደረግነው ወግ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን መሆኑ ነው።

ይህን የምለው ፈታኞች ሁሉ ይሳሳታሉ፣ እኛ ግን አዋቂዎች ነን ለማለት አይደለም። እኔ ራሴ አንዱን ጥያቄ ያበላሸሁት በገዛ እጄ ነው። «በሥራ ላይ ያጠፋኸውን ጥፋትና እንዴት እንዳረምኸው ንገረን» አሉኝ። እኔም ቀና ብዬ «ጥፋት የለብኝም» አልሁ። እውነት ነው፣ ሥራ ይዤ ስለማላውቅ ጥፋት ሊኖርብኝ አይችልም ነበር። ፈታኞቹ ፈገግ አሉ፤ እኔም የደስታ ፈገግታ መስሎኝ አብሬ ፈገግ አልሁ። የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፌን ሠርቼ ሁለት ጊዜ የተመለሰብኝን ምዕራፍ እንኳ ብናገር ይበቃኝ ነበር።

ይህ ጥፋቴ የታየኝ በሚያዝያ አይደለም፤ በነሐሴ ነው። የታየኝም ጽፌው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ጄምስ ፔንቤከርና ሁለት ባልደረቦቹ ያወጡትን አንድ ጥናት አንብቤ ነበር። ከሥራቸው ከተሰናበቱ 63 ባለሙያዎች መካከል ከፊሎቹ በተከታታይ አምስት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ያህል፣ ሥራ ማጣታቸው ያሳደረባቸውን ስሜት ሁሉ ሳይደብቁ እንዲጽፉ ተደረገ። የጻፉት ካልጻፉት ቀድመው ሥራ አገኙ፤ የሚገርመው ግን ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ደብዳቤ ስለ ላኩ ወይም ብዙ ቦታ ስለ ደወሉ አልነበረም። እኔም የወንድሜን ባዶ ደብተር ወስጄ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ስድብ ነው፤ ለማንም አላሳየውም። በሦስተኛው ቀን ያ «ጥፋት የለብኝም» የሚለው መልስ ብቅ አለ።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከእናቴ ጓሮ ነው። እናቴ የምትኖረው በቦሎሶ ነው፤ ጓሮዋም እንደ ወላይታ ገበሬ ጓሮ ሁሉ በወላይትኛ ኡታ በሚባለው በእንሰት የተሸፈነ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ መሬቱ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመትም ይፈጃል፤ በመካከሉም ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል። ከዚህ የበለጠ ጥበቃ የት አለ? በሐምሌ ሄጄ ከጓሮው ዳር ቁጭ ብዬ ስልኬን ሳይ አገኘችኝ። ማን እንደሚደውል ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። እጄን ይዛ በእንሰቱ መካከል አዞረችኝ። ከቤቱ ጥግ የዘንድሮው ችግኝ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያምና፤ ከዚያ ወዲያ ቁመቴን ያለፈው፤ ከሁሉ ወዲያ ለመፋቅ የደረሰው። በየመካከሉ ጎደሬና ቡና አለ። «እኔ አንዱን ብቻ ተክዬ እሱን ብጠብቅ ኖሮ እናንተን በምን አሳደግኋችሁ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ወደ ቤት ገብታ ቡና አፈላች።

በነሐሴ ለሰባት ቦታ ማመልከቻ አስገባሁ። ከሰባቱ አንዱ ይህን ዓምድ የምጽፍበትን ወንበር አስገኘልኝ። አንዱ በደብዳቤ አመስግኖ ሌላ ሰው መምረጡን ነገረኝ፤ ያንን ደብዳቤ አስቀምጬዋለሁ። አንዱ ማስታወቂያውን ሰረዘ። የቀሩት አራቱ ዛሬም ዝም እንዳሉ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ቃለ መጠይቅ ስወጣ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ውጤቱ እስከ የትኛው ቀን ይታወቃል? በዚያ ቀን ካልደወላችሁልኝ እኔ ለማን ልደውል? በመጀመሪያ ጊዜ ስጠይቅ አንደበቴ ተያዘ፤ ድፍረት መስሎብኝ ነበር። የተቆጣኝ ግን የለም። አንዱ ፈታኝ እንዲያውም አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ዞሮ «እውነት፣ መቼ ነው የሚታወቀው?» ብሎ ጠየቀው፤ እነርሱም ገና አላሰቡበትም ነበር።

አሁን ቃሌን ወደ ወጣት ባለሥልጣኖች ልመልስ። ትናንት ኮት ተውሰው ከጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጡ ጓደኞቻችን ዛሬ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ከጂንካ በአርባ ምንጭ በኩል፣ ከዲላም ተነሥቶ ክላሰሩን በብብቱ ይዞ ሶዶ የሚወርድ ሥራ ፈላጊ በየመናኸሪያው ይታያል። እኔ በሆሳዕና መንገድ የደከምሁትን ድካም አሁን እነርሱ ወደ እኛ ከተማ ይደክሙታል።

ፈታኞችን ለምን አትነግሩም ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አመልካቹ ብዙ ነው ይላሉ። ለብዙ ሺህ አመልካች መጻፍ ያስቸግር ይሆናል፤ እስከ መጨረሻው ዙር የደረሱት ግን ከአንድ ታክሲ ተሳፋሪ አይበልጡም። ተጠባባቂ እንይዛለን፣ አንደኛው ቢተው ሁለተኛውን እንጠራለን ይላሉ። ይህ ተገቢ አሠራር ነው፤ ታዲያ ተጠባባቂ ነህ፣ እስከዚህ ቀን ካልጠራንህ ነጻ ነህ ማለት ምን ይከለክላል? ሦስተኛው መልስ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚነገረው፣ እምቢ ማለት ይከብዳል የሚል ነው። ይህኛው እውነተኛው ይመስለኛል። እኛ ሰውን ፊት ለፊት ማሳዘን የማንወድ ሕዝብ ነን፤ በዚህም ጨዋነታችን ምክንያት ስንቱን ሰው ዓመት ሙሉ በስልክ ደጅ እናቆመዋለን። ሦስት መስመር ደብዳቤ፣ ወይም በእጅ ስልክ የሚላክ አንድ አጭር መልእክት ይበቃ ነበር።

የእኔ ነገር መጨረሻው በጊፋታ ሆነ። ጊፋታ በመስከረም አጋማሽ የሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመግባቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፣ ብድር ያለበት ይከፍላል። በ2018 ዓ.ም. ጊፋታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እኔም ይህን ነገር ወደ አዲሱ ዓመት ይዤው አልገባም ብዬ ወደ ድርጅቱ ደወልሁ። ከክፍል ክፍል አዛወሩኝና በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ አነሣች። ስሜን ነገርኋት። ወረቀት ስትገልጥ ይሰማኛል።

«ወንድሜ፣ አራተኛ ነህ» አለችኝ። «የሚፈለጉት ሁለት ነበሩ። በግንቦት መጀመሪያ ሥራ ጀምረዋል።»

በግንቦት መጀመሪያ! እኔ የቦዲቲውን ሥራ ይቅርታ ጠይቄ የመለስሁት በግንቦት መጨረሻ ነው። ተናድጄ ነበር ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን አልተናደድሁም። ያን ማታ ለአጎቴ ስነግረው ደብዳቤውን ከደረት ኪሱ አወጣና አራት ቦታ ቀደደው፤ ከዚያም የዘንድሮው ኮርማ ከአምናው እንደሚበልጥ ነግሮኝ ወደ ሌላ ጨዋታ ገባን። እንቅልፌንም በደንብ ተኛሁ።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ግን ጸሐፊዋን አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር። እስከ መጨረሻው ዙር የደረስነው ዘጠኝ ነበርን።

«ሌሎቹስ ያውቃሉ?» አልኋት።

ጥቂት ዝም አለች። «እኔ እንጃ» አለችኝ፤ «እስከ ዛሬ የጠየቀን አንተ ብቻ ነህ።»